ከካሚዮን የተቆረጠ ማር

በእኔ ዕድሜ ትውስታና ፈጠራ አንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩ፣ ልብስም የሚዋዋሱ ወንድማማቾች ናቸው፤ ከሩቅ ሲመጡ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ያቅተኛል። ስለዚህ አሁን የማወጋችሁን እንደ ምስክር ቃል አትቀበሉኝ። የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ማስረጃ የሌለውን ነገር እንዳልጽፍ አጥብቆ መክሮኝ ነበር፤ ምክሩን አክብሬ ይህን ነገር እስከ ዛሬ ሳልጽፈው ኖሬአለሁ። ዳሩ ግን ማስረጃ ሊሆኑኝ ይችሉ የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ አለፉ። ወፏም ብትኖር ፍርድ ቤት ቀርባ የምትምል አልነበረችም።

አዎን፣ ነገሩ የወፍ ነገር ነው። መልኳን ልንገራችሁ ብል ብዙ የምለው የለኝም። አመድማ ናት፤ ከድንቢጥ ትበልጣለች፣ ከእርግብ ታንሳለች፤ ስትበር ጅራቷ ግራና ቀኝ ነጭ ያሳያል፤ ወይም እንደሚያሳይ ይመስለኛል። ፈጣሪ የቆላን ወፎች ሲቀባ ለአንዷ ቀይ፣ ለአንዷ ሰማያዊ፣ ለአንዷ ወርቅማ ሲያድል ውሎ፣ የእሷ ተራ ሲደርስ የቀለሙ ዕቃ የታጠበበት ውሃ ብቻ የቀረ ይመስላል። ድምጿም ዜማ አይባልም፤ አንድ ሰው ክብሪቱ እንዳለቀና እንዳላለቀ ለማወቅ ሣጥኑን ጆሮው ሥር ሲወዘውዝ የሚሰማው ዓይነት ነው። እንግዲህ በሕይወቴ ካየኋቸው ፍጥረታት ሁሉ፣ ፕሮፌሰሮችንም ጨምሬ ነው የምላችሁ፣ እንደዚህች ወፍ ያስደነቀኝ የለም።

ዘመኑ ጣሊያን ጎንደርን ይዞ መንገዱን ወደ መተማ ቁልቁል የሚያወርድበት ነበር። ደጋ ላይ የምማርበት ደብር ስለ ተበተነ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ፣ መጽሐፌን በአቁማዳ ቋጥሬ ቆላ ወረድኩና ደሴ ከሚባሉት አጎቴ ቤት ተጠጋሁ። አጎቴ ጓንግ ወንዝ ዳር ሰሊጥና ማሽላ የሚያርሱ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። የደረስኩት በበጋው መጨረሻ ነውና ከላይ ነጭ ሰማይ፣ ከታች የተሰነጠቀ መሬት፣ በመካከሉ ቅጠሉን የጣለ እሾህ ብቻ ታየኝ። ለደጋ ጓደኞቼ የምጽፈውን ደብዳቤ በልቤ ሳዘጋጅ፣ «እዚህ አገር የሚታይ ነገር የለም» የሚል መስመር አስገብቼበት ነበር። ደብዳቤው ሳይላክ መቅረቱ ለክብሬ በጀኝ።

አጎቴ ቀን ገበሬ፣ ሲያስፈልግ ደግሞ አርበኛ ነበሩ። በሚያዝያ አንድ ማለዳ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ደግፈው አመጧቸው፤ ጥይት ባታቸውን በስቶ ወጥቷል። አገሬው አንገረብ በሚለው የገመድ አልጋ ላይ አጋደምናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ይሻሽ የታወቁ የቁስል አዋቂ ልጅ ነበሩና ሙያው ከአባታቸው ወርዶላቸዋል። አጠቡ፣ አሰሩ፣ ፈቱ፣ እንደገና አሰሩ። በሦስተኛው ቀን ቁስሉ ይሸት ጀመር።

«እሳት ያላየ ማር አምጡልኝ» አሉ እትዬ ይሻሽ እጃቸውን እየታጠቡ። «ከዛፍ የተቆረጠ፣ ምንም ያልገባበት። ያለዚያ ይህ እግር ይሄዳል። እግር ደግሞ ብቻውን አይሄድም፤ ባለቤቱን አስከትሎ ነው።»

አጎቴ ከተኙበት ቀና ብለው፣ «እኔ እየሰማሁ ነው እንዴ የምትማከሩት?» አሉ።

«እግሩ የአንቱ አይደል? ይስሙ እንጂ!»

ነገር ግን ሚያዝያ በቆላ የማር ወር አይደለም። በየዛፉ የተሰቀለው ቀፎ ባዶ ነው፤ ንቡ ሙቀቱን ሸሽቶ ወደማይታወቅበት ገብቷል። የገበያው ማር ደግሞ እሳት ያየ ነው። እኔ እንጨት ልልቀም ብዬ ወጣሁ፤ እውነቱን ለመናገር የወጣሁት የአጎቴን ፊት ላለማየት ነበር።

ከአንድ ግራር ሥር እንደ ደረስኩ አመድማዋ ወፍ መጣችና ከራሴ በላይ ቆማ ያን የክብሪት ሣጥኗን ትወዘውዝብኝ ጀመር። ቦታ ብለውጥ ተከተለችኝ። ክንፏን ታርገፈግፋለች፣ ወደ ምሥራቅ ትበራለች፣ ተመልሳ ትጮኽብኛለች። በዚያ ቀን ስድብ የምችልበት ሆድ አልነበረኝም። ድንጋይ አንሥቼ ወረወርኩባት።

«እጅህ ይሰበር! ምን ማድረግህ ነው?»

ዞር ስል አያ ቢተው መጥረቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ቆመዋል። አያ ቢተው የአጎቴ ጎረቤት፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ማር ቆራጭ ናቸው። ንብ ስንት ጊዜ እንደ ነደፋቸው ለጠየቃቸው ሰው፣ «አንድ ጊዜ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን አላቋረጠም» ብለው የሚመልሱ ሰው ነበሩ።

«ወፏ አስቸገረችኝ፣ አያ ቢተው። ትሰድበኛለች።»

«ትሰድብሃለች? ለመሆኑ የት ነው የተማርከው? ሰው መልእክት ይዞልህ ደጅህ ቢቆም በድንጋይ ነው የምትቀበለው? ማር አግኝታ እየጠራችህ ነው እኮ!»

እየተቆጡ አስረዱኝ። ይህች ወፍ ማር መሪ ትባላለች። ንብ የት እንደ ገባ ታውቃለች፤ ዛፉን መፈልፈል ግን አትችልም፤ ልሞክር ብትል ንቡ ይገድላታል። ሰው ደግሞ መጥረቢያና ጭስ አለው፤ ማሩ የት እንዳለ ግን አያውቅም። ስለዚህ ሰው ፈልጋ ትመጣለች፣ ትጠራዋለች፣ ከዛፍ ዛፍ እያለች ትመራዋለች። ሰውየው ማሩን ይቆርጥና ሰፈፉን ከነዕጩ ለእሷ ይተውላታል፤ የምትወደው እሱን ነው። ያላመዳት የለም፣ ያሰራት የለም። ዱር ተወልዳ ዱር የምትሞት ወፍ ናት፤ ከሰው ጋር ያላት ይህ አንድ ስምምነት ብቻ ነው።

«ይህን ማን አስተማራት?» አልኩ።

«እኔን ያስተማረችኝ እሷ ናት። እሷን ያስተማራትን ጠይቄ አላውቅም» አሉ አያ ቢተው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስጽፍ ዛሬም ፈገግ ያሰኘኛል። ሽማግሌው ጥምጥማቸውን ፈቱ፤ ወፏ ወደ ሸሸችበት ዛፍ ሁለት እርምጃ ቀረቡና አንገታቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሜቴ፣ ይቅር ይበሉን። ደገኛ ነው፤ ወፍ አያውቅም። እባክዎ ይምሩን» አሏት። ከዚያም ረጅም ፉጨት አፏጩ። ወፏ ጥቂት አሰበችበትና መለሰችልን።

ተከተልናት። ስምምነቱ ደንብ አለው፤ ተከታይ ዝም ማለት የለበትም። አያ ቢተው ያፏጫሉ፣ በመጥረቢያው እጀታ ያገኙትን ግንድ ኳ ኳ ያደርጋሉ፣ «አለን እሜቴ፣ መጣን» ይላሉ። ወፏ አንድ ዛፍ ትቀድመንና ትጠብቀናለች፤ ስንዘገይ ተመልሳ ትጠራናለች። ከዚያ በኋላ በብዙ ትምህርት ቤት ብዙ አስተማሪ ገጥሞኛል፤ ወደ ኋላ የቀረውን ተማሪ ለመጥራት ከመንገዱ የተመለሰ ግን ጥቂት ነው።

ዓይኔን ከእሷ ላለመንቀል ስል፣ ከዚያ በፊት ያላየሁትን ሁሉ አየሁ። የደረቀ ያልኩት ግራር ከቅርፊቱ ስንጥቅ ሙጫ አውጥቶ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ብርሌ ያበራል። ባዶ ባልኩት መሬት ላይ ምስጥ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ግንብ ሠርቷል፤ በግንቡ ጫፍ ላይ ራሱ ሰማያዊ የሆነ እንሽላሊት ወጥቶ አገር እንደሚያስተዳድር ሹም ግራና ቀኝ ይመለከታል። ቅጠል አልባው እሾህ ውስጥ ቁጥሩ ከቅርንጫፉ የማይተናነስ የወፍ ጎጆ ተንጠልጥሏል። እነዚህ ሁሉ ትናንትም ነበሩ። እኔ ነኝ ያልነበርኩት።

በመጨረሻ ወፏ ዝም ብላ የተቀመጠችበት ዛፍ ዲዛ ነበር። አምስት ሰው እጅ ለእጅ ቢያያዝ ወገቡን የማይዞረው፣ ግራጫ፣ ትልቅ ዛፍ ነው። ከላይ፣ ሁለት ሰው በሚያህል ከፍታ፣ ንብ የሚመላለስበት ሽንቁር አለ። የአያ ቢተው ጉልበት መውጣት ስለማይወድ የወጣሁት እኔ ነኝ። ግንዱ ላይ ችካል መትተው መሰላል ሠሩልኝ፤ የኩበት ጭስ አስያዙኝ። አወጣጤ መልካም ነበር። አወራረዴን ግን በዝርዝር አላስታውሰውም፤ ችካሎቹን እንዳልተጠቀምኩባቸው ብቻ አውቃለሁ። የጋቢዬም አንድ ጫፍ ተቃጥሏል።

ያገኘነው ትንሽ ነበር፤ ከመዳፍ የማይበልጡ ሦስት ቁራጮች። አያ ቢተው ከእነዚያ አንዱን፣ ሰፈፉ የበዛውን፣ በሰፊ ቅጠል ላይ አድርገው ከዛፉ ሥር አኖሩ። «የእሜቴ ነው» አሉና ዕቃቸውን ሊሰበስቡ ዞሩ።

አንባቢዬ፣ እዚህ ላይ ትውስታዬ ምንም አያወላውልም፤ እንዲያወላውል ብዙ ጊዜ ለምኜዋለሁ። የአጎቴ እግር ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ነበር። ሁለት ቁራጭ ማር ለዚያ ቁስል ምን ይሆናል? ወፍ ትልም፣ ፌንጣም መብላት ትችላለች ብዬ ለራሴ ተሟገትኩና ከቅጠሉ ላይ አነሣሁት።

ወደ ቤት ስንመለስ አያ ቢተው መንገዱን ለማሳጠር ወግ ጀመሩ። «ድርሻዋን የነፈጋት ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃለህ? በማግስቱ መጥታ ትጠራዋለች። እንደ ወትሮው ትመራዋለች። ማር አገኛለሁ ብሎ ቅጠሉን ገለጥ ሲያደርግ ነብር ፊት ታቆመዋለች።»

«ይህን... ከማንሣቴ... ከመነሣታችን በፊት ቢነግሩኝ ጥሩ ነበር» አልኩ።

«ለምን?»

«እንዲሁ። ለዕውቀት።»

እትዬ ይሻሽ ማሩን ለቁስሉ አደረጉ። በማግስቱ ማለዳ ጨርቁን ፈትተው አሸተቱና ግንባራቸው ትንሽ ፈታ አለ። «ያዘው። ግን ማሩ አልቋል፤ አሁን ካቋረጥኩ እንዳልጀመርኩ ነው። ዛሬ የዚህን እጥፍ ካላመጣችሁልኝ ድካሜ ከንቱ ነው።» አጎቴ ግን እግራቸውን የሚያዩት ለረጅም ጉዞ እንደሚሰናበቱት ዘመድ ነበር።

ስለዚህ ከአያ ቢተው ጋር እንደገና ወጣን። እኔ በልቤ ወፏ እንዳትመጣ እጸልያለሁ፤ ወዲያው የአጎቴን ፊት አስብና እንድትመጣ እጸልያለሁ። መጣች። ከትናንቱ ይልቅ እየቸኮለች፣ ከትናንቱ ይልቅ እየጮኸች፣ ፊቴ ድረስ መጣች። የተማርኩት ሁሉ «የነብሩ ነገር ተረት ነው» ይለኛል፤ ጉልበቴ ግን አልተማረም።

በረጅሙ ደረቅ ሣር ውስጥ ስናልፍ ከእግሬ ሥር አንድ መንጋ ጅግራ ብር ብሎ ተነሣ። ስነቃ ግራር ላይ ነኝ። እንዴት እንደ ወጣሁ አላውቅም፤ እሾሁ ግን ያውቃል።

አያ ቢተው ከታች ሆነው አንጋጠጡ። «ምነው ልጄ? አሁን ከኋላዬ ነበርክ፤ አሁን ደግሞ ከላዬ ሆንክ?»

«ከፍ ብሎ ማየት ይሻላል ብዬ ነው።»

«ጅግራ ለማየት?»

ቀጥሎ በጓንግ የደረቀ ዳርቻ ላይ የተጋደመ ነገር አይቼ «አዞ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ቀርበን ስናየው ጎርፍ የጣለው ግንድ ነው። አያ ቢተው የእግዜር ሰላምታ እንድሰጠው ጠየቁኝ። ወፏ ግን ወንዙን ተሻገረች፣ ከዛፎቹ ወጣች፣ ወደ ገላጣው በረረች፤ እዚያ ዲዛ የለም፣ ዋንዛ የለም፣ ንብ ሊገባበት የሚችል ዛፍ የሚባል ነገር የለም። አያ ቢተው ራሳቸው ፉጨታቸውን ቀነሱ። «ወዴት ነው የሚወስዱን እሜቴ?» ሲሉ ሰማኋቸው።

የጣሊያን መንገድ ላይ ወጣን። በመንገዱ ጠርዝ አንድ የተበላሸ ካሚዮን በአንድ ጎኑ አዘንብሎ ቆሟል። ወፏ ካሚዮኑ ራስ ላይ አረፈችና ዝም አለች። ማሩ ጋ ስትደርስ ዝም የምትለው እንዲህ ነው፤ ወይም ነብሩ ጋ ስትደርስ።

«ቁሙ! ማን ነው?»

ከካሚዮኑ አርባ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ከአንዲት ግራር ጥላ ሥር፣ ጠመንጃ የያዘ የጣሊያን ዘበኛ ብድግ አለ። አነጋገሩ የጎጃም ነው። አፈሙዙ ግን የትም አገር ያው ነው።

እንግዲህ ነብሬ ይኸው አልኩ። በመንገዱ ላይ ተንበረከክኩ። «አያ ቢተው! ይቅር ይበሉኝ! እኔ ነኝ የወሰድኩት!»

«ምኑን?»

«ድርሻዋን! ትናንት ከቅጠሉ ላይ ያነሣሁት እኔ ነኝ! ለዚህ ነው ተበቅላ እዚህ ያመጣችን!»

ዘበኛው ጠመንጃውን ወደ እኔ አዞረ። «ምን ሰርቆ ነው?»

«የወፍ ምሳ» አሉ አያ ቢተው ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ።

ዘበኛው የሰማውን ለመረዳት ጊዜ ወሰደ። አያ ቢተው ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ቀበርኩ፤ እሳቸው ግን የተናገሩት በዝግታ ነበር።

«የነብሩን ነገር አመንክ? እሱንኮ የምንለው ሰው እንዳይነፍጋት ነው። ወፍ ቂም የምትይዝበት ሆድ የላትም። ትናንት ሳትበላ አደረች፤ ዛሬ ርቧት ጠራችን። ይኸው ነው ነገሩ።»

ነብሩ ይሻለኝ ነበር። ለበቀል ራሴን አዘጋጅቼ መጥቻለሁ፤ ድንጋይ የወረወርኩባትና የቀማኋት ወፍ በማግስቱ ያለ ምንም ቂም ተመልሳ ትጠራኛለች ብዬ ግን አልተዘጋጀሁም። ከዚያ ወዲህ ስለ ይቅርታ ብዙ አንብቤአለሁ፤ የተረዳሁት ግን በዚያ አቧራ ላይ ተንበርክኬ ነው።

«እስቲ ቆዩ» አለ ዘበኛው። «ማር አለ ነው የምትሉኝ? እዚያ ውስጥ?»

አያ ቢተው በመጥረቢያቸው እጀታ አመለከቱ። ከካሚዮኑ ሞተር ክዳን፣ ሹፌሮች ኮፋኖ ከሚሉት ሥር፣ ንብ እየወጣ ይገባል።

«ኧረ በጊዮርጊስ! ንብ መኖሩንስ አውቃለሁ። ከጥምቀት ጀምሮ ነው ይህ ብረት እዚህ የቆመው። ጠብቅ ብለው አቆሙኝ፤ ስቀርበው ደግሞ እሱ በንብ ይጠበቃል። በኋላ ከንቡ ጋር ተስማማን፤ እኔ ከዚህ ግራር አላልፍም፣ እነሱም ከዚያ ጎማ አያልፉም።» ጠመንጃውን ዝቅ አደረገና ድንገት ጠየቀ። «ለመሆኑ ማሩ ለምናችሁ ነው?»

«ለበሽተኛ» አሉ አያ ቢተው።

«ምኑን ያመዋል?»

ዝም አልን። የአጎቴ ሕይወት፣ የእኛም ጭምር፣ በዚያች ዝምታ ውስጥ ነበር። ዘበኛው ወደ መንገዱ ላይና ታች አየ።

«በዚህ ሰሞን ማር ፍለጋ የወጣ ሰው ሁሉ በሽተኛው እግሩን ወይም ክንዱን ነው የሚያመው» አለ። «ሆዱን ያመመው አንድም አልገጠመኝ።» ከዚያም ጀርባውን ሰጠን። «ስሙኝ ወንድም ዓለም፣ እኔ የምጠብቀው ካሚዮን ነው። ንብ ጠብቅ ያለኝ የለም።»

አያ ቢተው ጊዜ ሳያጠፉ ኩበታቸውን አወጡና ክብሪት ጫሩ። ዘበኛው በአንድ ዝላይ ደረሰባቸው። «ያጥፉት! ያጥፉት! ቤንዚን አለበት! ንቡም፣ ማሩም፣ እኔም፣ አንቱም አብረን ነው የምንሄደው!»

እንግዲህ ጭስ የለም። ያለ ጭስ ንብ ቤት መግባት ምን ማለት እንደሆነ ያልሞከረው አይጠይቀኝ። አያ ቢተው እጅጌያቸውን ሊሰበስቡ ሲጀምሩ፣ «የእኔ ነው ተራው» አልኩ። ጀግንነት አልነበረም፤ ዕዳ ነበር። ቃጠሎ የቀመሰውን ጋቢዬን፣ የአያ ቢተውን ጥምጥም፣ በዚያ ላይ ዘበኛው ከሩቅ የወረወረልኝን ሸራ ተከናንቤ፣ ቅል ይዤ ሄድኩ። ኮፋኖውን ከፈትኩ።

ያየሁትን እንዳላጋንን እጠነቀቃለሁ። ለጦርነት በተሠራው ብረት መካከል፣ ቱቦና ሽቦ እርስ በርስ በተጠላለፈበት፣ የሰፈፍ መጋረጃ መደዳውን ተንጠልጥሏል። ነጭ፣ አዲስ፣ አንዱ ከሌላው በጣት ስፋት የተራራቀ፤ ያን ርቀት ማን ለካላቸው? ብርሃን በስንጥቅ እየገባ በሰፈፉ ውስጥ ያልፋል፤ ማሩ ከውስጥ እንደ ተለኮሰ ኩራዝ ይታያል። የዘይትና የአበባ ሽታ አንድ ላይ መጣብኝ። በዚያ የእሳት ወር፣ አገር በተኩስ በሚናወጥበት ጊዜ፣ እነዚህ ትናንሾች ወንዝ ዳር ያለውን አበባ አንድ በአንድ እየፈለጉ እዚህ ብረት ሆድ ውስጥ ያስቀምጡ ነበር። አድናቆቴ ረጅም ጊዜ የቆየ ይመስለኛል። አያ ቢተው ግን «አፍህን እንደ ከፈትክ የቆየኸው እስትንፋስ እስክትስብ ድረስ ነው፤ ከዚያ አንዱ ምላስህን መታህ» ይሉ ነበር።

ቆረጥኩ። ቅሉ ሞላ። ዓይኔ መዘጋት ሲጀምር፣ የመጨረሻውን፣ ትልቁን፣ ዕጭ የሞላበትን ሰፈፍ ፓራፋንጎው ላይ፣ ማለትም ከጎማው በላይ ባለው ብረት ላይ አስቀመጥኩ። «የእርስዎ ነው፣ እሜቴ» አልኩ፤ ወይም ባበጠ ምላስ የሚባለውን ያህል አልኩ። ከዚያ ሮጥኩ። ንቡ ከስምምነቱ ጎማ አልፎ ተከተለኝ። ዘበኛውም ስምምነቱ መፍረሱን ሲያይ ቀድሞኝ ሮጠ፤ አያ ቢተው የጉልበታቸውን ሕመም ረስተው ከሁለታችንም ቀደሙ። ጓንግ በበጋ ከሚተዋቸው ኩሬዎች አንዱ ውስጥ ሦስታችንም እስከ አንገታችን ገባን፤ ዘበኛው ጠመንጃውን፣ እኔ ቅሉን ከራሳችን በላይ ይዘን።

«ወንድም ዓለም» አለ ዘበኛው ውሃው ውስጥ ሆኖ፣ «ለበሽተኛው ከተረፈ ትንሽ ታቀምሱኛላችሁ?» ቁራጭ ሰጠነው። ጣቱን ጭምር ላሰ። «ይህ ብረት እዚህ አገር ከመጣ ጀምሮ የሠራው መልካም ሥራ ይኸ ብቻ ነው» አለ።

ወፏ ድርሻዋን ስትበላ አላየሁም፤ ዓይኔ ተዘግቶ ነበርና የአያ ቢተውን ቃል አምኜ ተቀብዬአለሁ። ተረጋግታ፣ ንቡን ከምንም ሳትቆጥር፣ እየቆነጠረች በላች አሉኝ። እኔን የመጥረቢያውን እጀታ አስይዘው እየመሩ ወደ ቤት ወሰዱኝ፤ እንዳልፈራ መንገዱን ሙሉ አፏጩልኝ።

እትዬ ይሻሽ ከእኔና ከአጎቴ የትኛችን በሽተኛ እንደሆንን ለመለየት አፍታ ፈጀባቸው። «ቁስሉን ላድን ማር አምጡ ብል ቁስል ጨምራችሁ መጣችሁ?» አሉና ቅሉን ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ማለዳ ማለዳ ጨርቁ ይፈታል፣ ይታሰራል። አንድ ማለዳ ሽታው ጠፋ። አንድ ማለዳ ከጠርዙ ሮዝ ሥጋ ታየ። እትዬ ይሻሽ ያን ዕለት ወደ ጓዳ ገቡ፤ ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ የእሳት ጭስ ነው አሉ፤ እሳት ግን አልተነደደም።

ከስንት ቀን በኋላ እንደሆነ አላውቅም፤ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ነክቶ ነበርና ግንቦት ይመስለኛል። አጎቴን ከነአልጋቸው ደጅ አውጥተን ከጥላው አስቀመጥናቸው። አያ ቢተው የጠረቡላቸውን ምርኩዝ ይዤ አጠገባቸው ቆሜአለሁ፤ ለመቆም ሲሞክሩ ላቀብላቸው ነው። እትዬ ይሻሽ ግን ገና ሳምንት እንዲቆዩ አስጠንቅቀዋል።

ያን ጊዜ አመድማዋ መጣች። ከአጥሩ ላይ ቆማ የክብሪት ሣጥኗን ወዘወዘች፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ አጎቴ። ክንፏን አርገፈገፈች፣ ወደ ወንዙ በረረች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ጠራች።

አጎቴ በተኙበት ጊዜ ሁሉ ስለ እሷ ሲሰሙ ሰንብተዋል። ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ በሁለት እጃቸው የገመድ አልጋውን ጠርዝ ይዘው ተነሡ፤ አፏጩና ወደ አጥሩ መራመድ ጀመሩ።

እትዬ ይሻሽ ከቤት ብቅ አሉ። «አንቱ ሰውዬ! በዚያ እግር ወዴት ነው?»

አጎቴ ዞር ሳይሉ፣ «ተጠርቼ» አሉ።

ስንት እርምጃ እንደ ሄዱ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። እኔ የማስታውሰው ሦስት ነው። እትዬ ይሻሽ ሰባት ነው እያሉ አረጁ። አጎቴ ራሳቸው ዲዛው ድረስ እንደ ሄዱና ማር ቆርጠው እንደ ተመለሱ ሲያወሩ ኖረው አለፉ። ከሦስታችን ማን ልክ እንደ ነበረ ልፈርድ አልችልም። ምርኩዙ ግን በእኔ እጅ እንደ ነበረ እርግጠኛ ነኝ።